ደጉ ሻጋታና የአምናው ኦቾሎኒ

መጋዘኑ የገባችው የልፋቷን ፍሬ አይታ ልቧን ልታሳርፍ ነበር። የኦቾሎኒው ክምር ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ዘግና ስታወጣ ግን፣ ከዘንድሮው ድንቡሽቡሽ ፍሬ መሀል ጠቁሮ የተጨማደደ ፍሬ መዳፏ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ታላቅ ወንድሟ ከሚዛኑ ቀና ሳይል፣ «የአምናው ነዋ። ደባለቅነው» አላት።

የአምናውን ራሷ ነበረች ያስመረመረችው። የሻጋታ መርዝ ሲገኝበት ጆንያዎቹን ጥግ አስይዛ፣ «ይቃጠል» ብላ በቀይ ቀለም ጽፋባቸዋለች።

«ማን ደባልቅ አለህ?»

«አንቺ!» አሁን ቀና አለ። «ባሕር ማዶ ተምረሽ መጥተሽ፣ መርዝ የማያወጣ ደግ ሻጋታ አለ፣ ክፉውን ያባርራል አላልሽም? ማሽላ ላይ አሳድገሽ ማሳዬ ላይ ስትበትኚ፣ ሰፈሩ ሁሉ ‹እህትህ ሻጋታ ዘራች› ብሎ ሲስቅብኝ ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። ታዲያ ያባርር! በነፃ ሊቀለብ ነው የመጣው?»

የጠቆረውን ፍሬ አፍንጫው ሥር ደቀነችበት።

«እኔ ያልኩህ ቀድሞ ቦታ ይይዛል ነው! ደጉ ወንበሩን ከያዘ ክፉው ሲመጣ መቀመጫ ያጣል። የአምናው ግን ተቀምጦ፣ በልቶ፣ መርዙን ተፍቶ ጨርሷል። የተተፋውን ማን ይመልሰዋል? ሽታ የለው፣ ብትቆላው አይጠፋ፣ ብትፈጨው አይጠፋ!»

«አባባ ዕድሜውን ሙሉ ይሄንኑ ሲበላ አልኖረም?»

«ኖረ? ጉበቱ አብጦ ፀጉሩ ሳይሸብት የሞተው የማን አባት ነው?»

ካፏ ካወጣችው በኋላ ራሷም ተጠራጠረች። አባታቸውን የገደለው ኦቾሎኒው ይሁን ሌላ፣ ያኔ የመረመረ የለም። ለዚህ መልስ ብላ ነበር አገር ጥላ የሄደችው፤ ይዛ የተመለሰችው ግን «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል ነው። «ሊሆን ይችላል» ደግሞ በዚህ ቤት ዝንብ አያባርርም።

የወንድሟ ሚስት ልጇን እንዳዘለች ከወፍጮው ክፍል ብቅ አለች። ልጅቷ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ማንኪያ ትልሳለች።

«ኧረ በፈጠራችሁ፣ ድምፃችሁ መንገድ ድረስ ይሰማል! የመዋዕለ ሕፃናቱ ሰውዬ ለቅቤው እየመጣ ነው። ወፍጮውን ላስነሳው ወይስ ልተወው?»

«አስነሺው» አለ ባሏ። «ዶክተሯን ከሰማን ጦማችንን ነው የምናድረው።»

«ለልጅህም ከዚሁ ነው የምትሰጣት?»

«ምነው፣ ከአባቷ ቤት ካልበላች ከማን ቤት ትብላ?»

እህቱ ከወፍጮው ሞተር ሥር የናፍጣውን ጀሪካን አንስታ ክምሩ አጠገብ መጣች፣ ክዳኑን ፈታች። ወንድሟ ነገሩ የገባው ጀሪካኑ ሲያዘነብል ነው። ዘሎ ክንዷን ጠመዘዘ፤ ግን ዘገየ። ናፍጣው ከክምሩ አናት እየተንዶለዶለ ወርዶ ፍሬው መሀል ሰርጓል። የአምናውንም የዘንድሮውንም፣ አንድ ወቅት ሙሉ የደከመችበትን ደግ ሻጋታም ሳይለይ።

«የዓመት ልፋቴን!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ውጪልኝ! ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!»

«እወጣለሁ።» ባዶውን ጀሪካን እግሩ ሥር ወረወረችው። «አንተ ግን አሁን ሂድና ሽጠው። ይሄኛው መርዝ ቢያንስ ይሸታል።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ማንኪያውን ቀምታታለች።