አንድ መስመር ቀድሞ

ፒያኖ ተጫዋቿ ኦርትሩን ፋልክነር በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ናውምቡርግ ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ታናሽ እህቷ ጌዚነ፣ ጎረቤቷ ወይዘሮ ኢርምትራውድ፣ እና የቀድሞ ተማሪዋ ፕሮፌሰር ፎልክማር። አስከሬኗ ቀብር አስፈጻሚዎቹ ዘንድ ነበር። ቀብሩ ለዓርብ ተቆርጧል።

ወይዘሮ ኢርምትራውድ ያመጣችውን ኬክ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣችና ሳህኑን የፒያኖው ክዳን ላይ አሳረፈችው። ወዲያው ደንግጣ አነሳችው። ሃያ ዓመት ሙሉ ወደዚህ ቤት ስትገባ ስትወጣ፣ በዚያ ክዳን ላይ ጓንት እንኳ ተቀምጦ አይታ አታውቅም።

«አስቀምጪው» አለቻት ጌዚነ። «አሁን ማን ይቆጣል?»

ፎልክማር ሦስተኛውን ቁራጭ ከዚያው ከክዳኑ ላይ አነሳ። ስለ ሟቿ ትሕትና እያወራ ነበር። ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም፤ ኦርትሩን ግን በሦስት ቀን ውስጥ ትሑት፣ ደግና ትዕግሥተኛ ሆና አረፈችው። ጌዚነ ቡናውን እየቀዳች ታዳምጣለች። ይህን ሰው ኦርትሩን «እንጨት ፈላጩ» ነበር የምትለው። አንድ ጊዜም ሚስቱ ፊት፣ የፕሮፌሰር ደመወዙ ባይኖር ኖሮ ፒያኖውን ፈልጦ ይሞቀው ነበር ብላለች። እሱም ሚስቱም ስቀው ነበር። በኦርትሩን ፊት የማይስቅ ሰው አልነበረም።

ፎልክማር አፉን ጠርጎ ለጋዜጣ የጻፈውን አነበበላቸው። ስለ ሽልማቶቿና ስለ ታላላቅ አዳራሾቹ ጽፏል። ማብቂያው እንዲህ ይላል፦ «መድረክ ላይ ሁልጊዜ ብቻዋን ነበረች።»

ጌዚነ የቡናውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመት ከእህቷ በስተግራ፣ ከኋላ ፈንጠር ባለች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀለበትም ሽቶም የላትም፣ ልብሷም ጥቁር ነው፤ ሰው እንዳያያት። ፎልክማርም አላያትም። ሥራዋን እንዲያውም በደንብ ሠርታለች ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ኦርትሩን አርባ ዓመቷ ላይ ነው። ድሬስደን ውስጥ፣ ሰው በሞላው አዳራሽ፣ በመሀል የምትጫወተው ጠፋትና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ኖታ ፊቷ ሳይዘረጋ ፒያኖ ነክታ አታውቅም። የኖታውን ገጽ እንዲገልጥላት መጀመሪያ የተቀጠረው ተማሪ ሳል አመለጠውና ተባረረ። ሁለተኛዋ ትንፋሿ ይሰማል ተብላ ተባረረች። ያኔ ጌዚነን ከምትሠራበት ፋርማሲ ጠራቻት።

«ኖታ ማንበብ ትችያለሽ» አለቻት። «ሌላ ምንም ስለማትችዪ ደግሞ አትረብሺኝም።»

ሌሎች ተጫዋቾች የገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ያኔ ይገለጥላቸዋል። ኦርትሩን ምልክት አትሰጥም። ገጹ የሚገለጠው ገና የመጨረሻውን መስመር ስትጀምር ነበር። ያን መስመር በቃሏ ይዛ ትጫወተዋለች፤ ዓይኗ ቀድሞ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው። ሃምቡርግ ላይ ጌዚነ ለቅጽበት ዘገየች። አዳራሹ ውስጥ ማንም አላወቀም። ማታ እራት ላይ ግን ኦርትሩን ለጋባዦቹ፣ እህቴን ይቅር በሏት፣ ወረቀት ከባድ ነው አለቻቸው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ጌዚነም አብራ ሳቀች። ለእህቷ ይቅር ያለችው ብዙ ነገር አለ፤ ለዚያች ሳቅ ግን ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

ሰኞ ወይዘሮ ኢርምትራውድ ማጀት ውስጥ ሳህን እያደራረቀች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«በመጨረሻ አንድ ነገር ሳትልሽ አልቀረችም። አንቺ ብቻ ነበርሽ አጠገቧ።»

«ምንም አላለችኝም» አለች ጌዚነ።

ኦርትሩን ግን ብላታለች። ሆስፒታል ውስጥ፣ መነሳት ካቃታት በኋላ፣ ኖታውን አምጪልኝ አለቻት። ጌዚነ አልጋው ላይ ዘርግታ ያዘችላት። ኦርትሩን ጣቶቿን ሳታንቀሳቅስ በዓይኗ ብቻ ተጫወተች፤ ጌዚነም የእህቷን ዓይን እየተከተለች ገለጠችላት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ከገጹ ይልቅ የእህቷን ፊት ስታይ ቆየች።

«ዘገየሽ» አለች ኦርትሩን፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ማክሰኞ ፎልክማር ተመልሶ መጣ። ኦርትሩን ኮንሰርቶቿን ትዘጋበት የነበረውን ያን ዘገምተኛ ሙዚቃ በመቃብሩ ጸሎት ቤት ሊጫወትላት እንዳሰበ ለጌዚነ ነገራት። ጌዚነ ዳግመኛ ገጽ እንዳትገልጥ ለራሷ ምላ ነበርና ከመጠየቁ በፊት አይሆንም አለችው።

«ወይዘሪት ጌዚነ፣ እንዳይጨነቁ» አለ። «ራሴን ነቅነቅ ሳደርግ መግለጥ ብቻ እኮ ነው። ካልሆነም አንዷን ተማሪዬን አመጣለሁ። ማንም ይችለዋል።»

ጌዚነ አየችው። ኮሌታው ላይ የቅዳሜው ኬክ ፍርፋሪ አሁንም ነበር።

«እኔ እገልጣለሁ» አለችው።

ልቅሶውን ልታደምቅለት አልነበረም። ከተማው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው እያያት፣ እንከን የሌለበት ሥራ ሠርታ ልትነሳ ፈለገች። ማንም እንደማይችለው ይወቁት። ከተሳሳተች ግን ኦርትሩን ትክክል ነበረች፤ ሌላ ምንም አትችልም፣ ይህንንም አትችልም።

ዓርብ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የአስከሬኑ ሳጥን መሀል ላይ ነበር። ግማሾቹ ለቀስተኞች ኦርትሩን ፊት ለፊት የሰደበቻቸው ናቸው፤ እነሱ ከሁሉ የባሰ ያለቅሳሉ። ጌዚነ በስተግራ ተቀመጠች። ፎልክማር ጎንበስ ብሎ «ራሴን ስነቀንቅ» አላት፤ በድጋሚ።

መጫወት ጀመረ። እንጨት ፈላጩ ዛሬም ይፈልጣል፤ ያውም ቀስ እያለ፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ደረሰኝ እንደሚቆርጥ። ጌዚነ ናቀችው፤ ንቀቷም አረጋጋት። ከሁለተኛው ገጽ ወገብ ጀምሮ ተነሥታ ቆመች። ዓይኗን ከፎልክማር ራስ ላይ አልነቀለችም። ራሱ ገና አልተነቃነቀም።

ፎልክማር የመጨረሻውን መስመር ሲጀምር የጌዚነ ግራ እጅ የገጹን ጥግ ይዞ ገለጠው።

ፎልክማር ሁለት ድምፅ ሳተ፤ ፈለገ፤ ቆመ። ከኋላ የአንድ ሰው ሳል ተሰማ።

«ገና ነበርኩ እኮ» አለ በሹክሹክታ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ጌዚነ የገለጠችውን ገጽ ጥግ በሁለት ጣቷ እንደያዘች ወደ ሳጥኑ ዞረች።

«አልዘገየሁም» አለች።

ፎልክማር ገጹን ከጣቶቿ አስለቅቆ መለሰውና መስመሩን እንደገና ጀመረ። የቀሩትን ገጾች ራሱ ገለጠ። ሙዚቃው ሲያልቅ ስድስት ሰዎች ሳጥኑን አንሥተው ወጡ።