ንብ የማትገባበት ቤት

ቦጎሚር የሥዕል መምህር ነው፤ እጁ ወርቅ፣ እሱ ግን ሆደ ቡቡ። ስሎቬኒያ ነጻ በወጣች ሰሞን ለአዲሱ ገንዘብ ሥዕል አቅርብ ተብሎ፣ የጎረቤቱን የእትዬ ኔዣን ፊታቸው በሥዕል የተቀባ የንብ ቀፎዎች ሣለ። የሙከራ ኖቶቹ ታተሙ፤ «ናሙና» የሚል ቀይ ማኅተም አለባቸው። አንዷን ለእትዬ ኔዣ ሰጣቸው። መንደሩም የእትዬ ኔዣ ቀፎዎች ገንዘብ ላይ ሊወጡ ነው ሲባል ሰምቶ ለእሁድ ድግስ ተሰናዳላቸው።

ሐሙስ ደብዳቤ መጣ፦ ሌላ ሥዕል ተመርጧል፣ የሱ ኖት አይወጣም። ለራሱ አላዘነም ብል ዋሸሁ። የባሰ የጨነቀው ግን ለእትዬ ኔዣ እንዴት እንደሚነግር ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መንደሩ እንዲህ ሽር ጉድ ያለላቸው ገና አሁን ነው። ቦጎሚር ቤታቸውን ሦስቴ ዞረ።

«አንተ! እንደ ዶሮ ሌባ ምን ያዞርሃል? ግባ!» አሉት በመስኮት። ለድግሱ ሊጥ እየዳመጡ ነበር።

«እትዬ ኔዣ... ሥዕሉ ወደቀ። ኖቷ አትወጣም።»

መዳመጫው ከእጃቸው ወደቀ። «እስቲ ማል።»

«ማርያምን!»

«ተመስገን!» ብለው አማተቡ። «ስለቴ ሰመረ!»

«የምን ስለት?»

«እንዳይመርጡት ሻማ ተስዬ ነበር።»

እሳቸው ከዱቄቱ ጣሳ ሥር ኖቷን አወጡ። «ና እየው። አሥራ ሁለት ቀፎ፣ አሥራ ሁለቱም ላይ ያንኑ አንድ ድብ ሥለሃል! ንቢቱ ከአበባ ስትመለስ የትኛው ነው ቤቴ ትበል? የየቀፎውን ፊት በተለያየ ሥዕል የምንቀባው ለጌጥ መሰለህ? አገር ምድሩ ንብ አርቢ ሊስቅብኝ ነበር እኮ! የኔዣ ንቦች ሰክረው ሰው ቤት ያድራሉ ሊሉኝ!»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ፊትህ እንደዚያ እያበራ? አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

«እኔ እኮ እንዲያምር ብዬ...»

«ሂድና ማማሩን ለንቦቹ አስረዳ!»

ቦጎሚር ድቦቹን ደግሞ አያቸው። አፉን በእጁ ያዘ፤ አልቻለም። ሁለቱም ሊጡ ላይ ተደፍተው ሳቁ።

«ድግሱስ?» አለ እንባውን እየጠረገ።

«ከዚህ የበለጠ ምን ያስደግሳል? ይልቅ ለውዙን ውቀጥ!»

እሁድ መንደሩ ጠጣ፣ ጨፈረ። ኖቷም ከእጅ እጅ ዞረች፤ ያያት ሁሉ አድንቆ፣ ትንሽ ቆይቶ በሳቅ ይንከተከታል። ቦጎሚር መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲጨርስ ግን ራሱ ኖቷን ነጥቆ፣ «ስህተቱን ላገኘ አንድ ማሰሮ ማር!» እያለ በየጠረጴዛው ይዞር ጀመር።

ማሩ የእትዬ ኔዣ ነው።