ካውያ ክፍል የቀሩት እንቁላሎች

ኧረ እኔስ ግራ ገባኝ። የምሠራው ሸሚዝ ፋብሪካ፣ ካውያ ክፍል ነው። የምንተኩሰው ሁሉ ውጭ አገር ይሄዳል፤ አንዱንም እዚህ የለበሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ለፋብሪካው እንዳይቋረጥ ተብሎ ደግሞ መብራት የሚጠፋው እኛ ሰፈር ነው። እኔው ተኩሼ እኔው ቤቴን አጨልማለሁ ማለት ነው።

ባሌ ሬዲዮ ስለሚሰማ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። "ሸሚዙ ዶላር ያመጣል፣ ዶላሩ ነዳጅ ይገዛል፣ ነዳጁ መብራት ያመነጫል" አለኝ።

"መብራቱስ?"

"ሸሚዝ ይሠራል።"

"እኛስ?"

"አንቺማ ትተኩሻለሽ!" ብሎ ሳቀ። እሱ ምን አለበት።

ታናሽ እህቴ ከሥራ ከተቀነሰች ወዲህ ጓዳችን ውስጥ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አስገብታ፣ ተስፋዋን ሁሉ እዚያ ላይ ጥላለች። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ ፋብሪካው ሌሊትም መሥራት ጀመረና የእኛ መብራት ጭራሹን ጠፋ። በብርድ ልብስ ብትሸፍን፣ ላምባ ብታበራ፣ አልሞቅ አለ። "እታለም፣ ሊሞቱብኝ ነው" አለችኝ።

እኔ ብልጧ! እንቁላሎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በካርቶን ይዤ ወጣሁ። "እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በሰርቪስ ሲሄድ ግን ገና አሁን አየሁ" አለ ባሌ። ካውያ ክፍል የእንፋሎቱ ቧንቧ ሥር፣ ሙቀቱ የማያቃጥልበት ቦታ መርጬ አስቀመጥኳቸው። አለቃዬ አይቶ እንዳላየ አለፈ። ከሰዓት አንዱን ጆሮዬ ላይ ባስጠጋው፣ ከውስጥ ቋ! ቋ! ሲያደርግ ሰማሁ። ለእህቴ ደውዬ "አሉልሽ!" ብዬ ጮህኩ። እሷም አለቀሰች። ፋብሪካው ሌሊትም ስለሚሠራ፣ እዚያው ሲሞቁ ይደሩ ብዬ ትቻቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው በር ተቆልፎ አገኘሁት።

"ውጭ ያሉት ገዢዎች ትእዛዙን ሰርዘዋል" አለ ዘበኛው። "ከትናንት ማታ ጀምሮ ሁሉም ቆሟል። ማንም አይገባም።"

"ወንድሜ፣ እንቁላል አለኝ እኮ!"

"ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ?" እብድ ያየ መሰለው። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ለካ ቁልፉም እሱ ጋ የለም። ከድጡ ወደ ማጡ ያስገባኋቸው እኔው ነኝ።

ሰፈር ስደርስ በጠራራ ፀሐይ የየቤቱ አምፖል ቦግ ብሏል። ጎረቤቱ ሁሉ ሙዚቃ ከፍቷል፣ እልል የሚልም አለ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ፣ እኔ እንጃ።

እህቴ ባዶውን ማሽን ሰክታ፣ አሙቃ፣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ ፈክቷል።

"እታለም፣ መብራት መጣልን! በይ አምጪያቸው" አለችና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።