የተጠራቀመ ዕረፍት

ጀምበሩ ግንበኛ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ፣ ብሎኬት ሲደረድር፣ ከአንዱ ተቋራጭ ወደ ሌላው ሲዞር ኖሯል። የግንባታ ሥራ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሕንፃው ሲያልቅ ሠራተኛውም ይበተናል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የዓመት ፈቃዱ እየረዘመለት ይሄዳል። ጀምበሩ ግን ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ አዲስ ሳይት በገባ ቁጥር አዲስ ሠራተኛ ነበር።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት የከተማው የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ከስድስት ተቋራጮች ጋር ተስማምቶ አንድ ነገር አመጣ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የአገልግሎት ካርድ ይሰጠዋል። ተቋራጩ በየወሩ ሰውየው የሠራበትን ቀን ለማኅበሩ ያስታውቃል፤ ለዕረፍት የሚሆን ትንሽ መዋጮም ያስገባል። ከስድስቱ የትኛው ዘንድ ቢሠራ ቀኑ የሚጠራቀመው በራሱ በሠራተኛው ስም ነው። ሥራ ጠፍቶ ጥቂት ወራት ቢቀመጥም ያለፈው አይሰረዝበትም። የሰባት ዓመት ሥራ ሲሞላው ማኅበሩ ደመወዙን እየከፈለ ስድስት ሳምንት ያሳርፈዋል።

«ሰባት ዓመት ማን ይኖራል!» ብለው ብዙዎቹ ሳቁ። ጀምበሩ አልሳቀም። ደብረ ኤልያስ ያለችው ታናሽ እህቱ ካሰች፣ ዐይናቸው የጠፋውንና አልጋ ላይ የዋሉትን አባታቸውን ቄስ አካለ ወልድን ብቻዋን ታስታምም ነበር። እሱ ለፋሲካ ሁለት ቀን ደርሶ ሲመለስ እስከ መኪናው እየሸኘችው፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ወር ብቻ አባን ብትይዝልኝ» ትለዋለች። አንድ ወር ከየት ይምጣ? አንድ ወር የቀረ ግንበኛ ሲመለስ ቦታው ሌላ ሰው ገብቶበት ነው የሚያገኘው።

በሁለት ሺህ ሦስት ጥቅምት ላይ፣ በራሱ ስሌት ሰባቱ ዓመት ሞልቶለት፣ ካርዱን ይዞ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። የቢሮዋ ሠራተኛ ያለምወርቅ መዝገቡን ገልጣ ወር በወር ቆጠረች።

«ጋሽ ጀምበሩ፣ አሥራ አንድ ወር ይጎድልዎታል።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«የእህል መጋዘኑን ስትሠሩ የነበራችሁበት ተቋራጭ የሠራችሁበትን ቀን ሳያስታውቅ ነው ድርጅቱን የዘጋው። ካርድዎም ላይ ማኅተም የለም።»

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ፣ የኔ ልጅ?»

«እርስዎማ ምንም አላጠፉም። ደንቡ መላ አለው፤ የዚያን ጊዜው ፎርማን በጽሑፍ ከመሰከረልዎ ይያዝልዎታል።»

ጀምበሩ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የተሸከመ ይመስል ትከሻው ወረደ። የዚያን ጊዜው ፎርማን ትዕዛዙ የሚባል ሰው ነበር። «ግድግዳው አዝሟልና አፍርሰው» ሲለው ጀምበሩ «ውሃ ልኬ አይዋሽም፣ አላፈርስም» ብሎት፣ ተኳርፈው እንደተለያዩ ቀርተዋል። ትዕዛዙ አሁን ሉማሜ ከተማ ሻይ ቤት ከፍቷል ሲባል ሰምቷል። «ይቅርብኝ» ብሎ ተነሣ። ቤቱ ገብቶ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሉማሜ ሄደ።

ትዕዛዙ እያነከሰ ለአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሻይ ሲያድል አገኘው።

«አንተ እልኸኛ!» አለው ገና ሲያየው። «ያ ግድግዳ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«እንግዲያ ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ተቀመጥ።»

ጀምበሩ የመጣበትን ነገር ከእህቱ ጀምሮ አጫወተው። ትዕዛዙ የመጥረጊያ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሰማ።

«እኔ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «‹ካርዱ ፎርማንን አይመለከትም› ብለው ማኅበሩ ውስጥ አልመዘገቡኝም። ከመወጣጫው ወድቄ እግሬ ሲሰበር አንድ ቀን እንኳ የተያዘልኝ የለም።»

ጀምበሩ ሊነሣ ሲል ትዕዛዙ ክንዱን ያዘው።

«የት ትሄዳለህ? ወረቀት አምጣ። አንድ ቀን ቀርተህ አታውቅም፤ እሱንም እጽፍልሃለሁ።»

በታኅሣሥ፣ ምስክርነቱ ተይዞለት፣ ጀምበሩ ደብረ ኤልያስ ገባ። ካሰች አላመነችውም።

«ስድስት ሳምንት? ሥራህስ?»

«ይጠብቀኛል። ባይጠብቀኝም ሌላ ሳይት ብገባ የሠራሁት ከኔ ጋር ነው። በይ አንቺ ሂጂ።»

«ወዴት ልሂድ?» አለች። እውነትም የምትሄድበትን ማሰብ ረስታ ነበር። ሁለት ቀን እዚያው ተኛች፤ አባቷ ባሳሉ ቁጥር እየበረገገች ትነሣለች። በሦስተኛው ቀን፣ አምበር ከተማ የተዳረችው ልጇ፣ የብርጓል፣ ወልዳ የልጅ ልጇን እስካሁን እንዳላየች ትዝ አላት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ጀምበሩ ሽማግሌውን ማገላበጥ፣ ማጠብና ማጉረስ ያዘ። ውሃ ይጠማቸዋል፣ ይበርዳቸዋል፣ ጎናቸውን ያማቸዋል፤ ሁሉንም የሚጠይቁት ካሰችን ነው።

«ካሰች አምበር ሄዳለች፣ አባ። እኔ ነኝ፣ ጀምበሩ።»

«እጅህ ይሻክራል» ይሉታል።

በሳምንቱ ወገቡ ተቆረጠ። ድንጋይ ካስቀመጡት ቦታ ይቆያል፤ የታመመ ሰው ግን አሁን አስተካክለው ሲያስተኙት ወዲያው ይጣራል። እህቱ አሥራ ሁለት ዓመት ይህን እንደቻለችው ሲያስብ፣ እየሸኘችው የምትለምነውን ነገር በጆሮው ብቻ ሲሰማው እንደኖረ ገባው። አፈረ።

አንድ ቀን ገንፎ ሲያጎርሳቸው ሽማግሌው፣ «ዕረፍት አገኘህ አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«ማረፉስ ተራው የኔ ነበር። ቀደምከኝ!»

የቅኔ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ጀምበሩ ቅኔው ሲገባው፣ ዐይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ካሰች በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ተመለሰች። ፊቷ ሞላ ብሏል።

«እንቅልፍ የመጣልኝ በሃያኛው ቀን ነው» አለች። ቀና ብላ አየችውና፣ «ውይ! አንተማ ከሳህ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይገባ በፊት በማኅበሩ ቢሮ በኩል አለፈ። ያለምወርቅ አዲስ ካርድ ሰጠችው።

«ጥሩ አረፉ፣ ጋሽ ጀምበሩ?»

«እህቴ አርፋለች» አላት። ካርዱን ኪሱ ከትቶም ከበሩ አልራቀም። «ሰባት ዓመት እስኪሞላ ሳይጠበቅ፣ የተጠራቀመውን ያህል በየሁለት ዓመቱ መውሰድ አይቻልም?»

«ደንቡ ላይ የለም። ጠይቆም የሚያውቅ የለም።»

«እኔ ጠይቄያለሁ። ጻፊልኝ።»

ያለምወርቅ ወረቀት ሳበች፤ ሥራው እንደሚረፍድበት እያወቀ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።