ያልተጻፈው የመጀመሪያ መስመር

የሥራ ጓደኞቹ ፒንሳ ይሉታል፤ አንዴ የያዘውን ስለማይለቅ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሽቦ እጁ ሲገባ ለማዳ ይሆናል፤ ብዕር ሲይዝ ግን እሱ ራሱ ይደነግጣል። የሙያ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል። አለቃውም ፊት ለፊት ነግሮታል፦ «ሦስተኛውን ከወደቅህ መሣሪያህን አስረክበህ በር ትጠብቃለህ።» ለፒንሳ ይሄ በቁም መሞት ነው።

ምን እንደጣለው ሊጠይቅ ሄደ። የፈተና ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቱን አውጥታ አሳየችው። ስለ ውሃ ማሞቂያ ጥገና የጻፈው መልስ ላይ በቀይ «ኃይል ስለማቋረጥ አልተጠቀሰም» ተብሏል። ደሙ ፈላ። እቤት ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ሚስቱ ላይ ጮኸ።

«የሚያርሙት እኮ ኢንጂነሮች ናቸው! ለኢንጂነር መጀመሪያ መብራቱን አጥፋ ብዬ ልጻፍ? ለአባትሽ ከመዋጥዎ በፊት ያኝኩ እንደማለት አይደለም?»

«አባቴ ቢሆኑ ይስቁ ነበር» አለች። «አንተ ለኢንጂነር አትጻፍ። ምንም ለማያውቅ ሰው ጻፍ። ለኔ ጻፍ።»

ፒንሳ አላዋቂ አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። በእነሱ ሙያ አዋቂን የታወቀ ነገር ማስታወስ ነውር ነው። መብራት መጥፋቱን በዓይን ይጠያየቃሉ እንጂ በአፍ አይነጋገሩም፤ ደፍሮ የጠየቀ ሲሳቅበት ይውላል። ፒንሳ ያንን ጨዋነት ይዞ ነበር ፈተና ክፍል የገባው።

ሚስቱ አስተማሪ ናት። «አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ የጻፍከውን ብቻ እሠራለሁ» አለችው። «ያልጻፍከውን አላውቅም፤ አለቀ።»

በእንቁላል ጀመሩ። «እንቁላሉን ድስት ውስጥ ጨምሪ፣ እሳት ላይ ጣጂ፣ ሲበስል አውጪ» ብሎ ጻፈ። እሷም ደረቅ ድስት ውስጥ እንቁላሉን ጥዳ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ድስቱ ከሰለ፣ እንቁላሉ ፈነዳ።

«ውሃውስ?» አለ ፒንሳ፣ በሳቅ የመጣ እንባውን እየጠረገ።

«የቱ ውሃ? ወረቀቱ ላይ የለማ!»

ፒንሳ የገባው መሰለው። ስለ እንቁላሉ በእርግጥ ገብቶታል።

የቤታቸው ውሃ ማሞቂያ ከተበላሸ ሰንብቷል። በተናገረች ቁጥር «ነገ» ይላል፤ የሰው ቤት ሲጠግን ይውልና ለራሱ ቤት ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንኑ የጣለውን ጥያቄ እንደ አዲስ ሊመልስ ተቀመጠ። አሳምሮ ጻፈው። የክዳኑን ብሎኖች ፍታ፤ ሁለቱን ሽቦዎች አላቅቅ፤ የተቃጠለውን የማሞቂያ ብረት አውጥተህ አዲሱን ግጠም። አለቃው ድንገት ሲጠራው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ። የመጀመሪያውን መስመር ተመልሼ እጽፈዋለሁ ብሎ ነበር ወይስ እጁ እንደ ልማዱ አፍሮ ዘለለው? ይሄን ራሱም አያውቅም።

ሚስቱ ወረቀቱን አነበበችና ደስ አላት። አንዱ ከአንዱ ተከትሎ ቁልጭ ብሏል። አዲሱ ብረት ተገዝቶ ተቀምጧል፤ ካቻቪቴውም መሳቢያ ውስጥ ነው። በሙቅ ውሃ ልትቀበለው፣ «አየህ፣ ጽሑፍህ ይሠራል» ልትለው ፈለገች። ማሞቂያው ከሞተ ቆይቷል፤ የሞተ ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይኖራል ብላ አላሰበችም። ወረቀቱም አልነገራትም።

ፒንሳ ሲመለስ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርራ አገኛት። ወረቀቱ እንዳይወድቅ ሳሙና ተጭኖበት መስታወቱ ሥር ተቀምጧል። ክው አለ። ከመጮሁ በፊት፣ ሳይነካት፣ እግሩ በራሱ ወደ ዋናው ማጥፊያ ሮጠ። ያን ጊዜም እንኳ አልዘነጋም። የዘነጋው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ። ቀኝ እጇን ግን ከአንጓው ላይ ቆረጡት፤ ጠመኔ የምትይዝበትን።

ፈተናው ሲደርስ «አልሄድም» አላት።

«ትሄዳለህ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «በከንቱ ነው እንዴ የተቃጠልኩት?»

ሄደ። ጥያቄው ስለ ሶኬት ነበር። ፒንሳ የኢንጂነሮቹ ፊት አልታየውም። እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «መጀመሪያ ኃይሉን ከዋናው ላይ አጥፊ። ዕቃው አይሠራም ብለሽ አትመኚው። መጥፋቱን በመሣሪያ ፈትሺ። ማንም መልሶ እንዳያበራብሽ ቆልፊና ቁልፉን ኪስሽ ክተቺ። እስከዚያ ድረስ እባክሽ እጅሽን አታስገቢ።» ከዚያ ሌላውን ጻፈ።

አለፈ። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ! እንዲህ ግልጽ መልስ አላየንም ብለዋል» አለው። ፒንሳ ፈቃዱን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ትታገላለች፤ የሸሚዟ እጅጌ አልቆለፍ ብሏታል።

«መጀመሪያ ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችው።

ቃል በቃል ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው፤ እንደ አስተማሪ ራሷን ነቀነቀች።

«ግልጽ ነው» አለች። «ለማን ነው የጻፍከው?»

«ላንቺ።»

እጅ የሌለበትን እጅጌ ዘረጋችለት።

«ደርሶኛል» አለች። «በል ቆልፍልኝ።»