አሥራ አንድ ደቂቃ

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አለች የኮሌጁ አስተባባሪ፣ አውሮፕላን ቢያርፍበት በማይጠበው ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀቱን ወደ ልጅቷ እየገፋች። እስክሪብቶውንም አስከተለች። «ከፈረምሽ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

ልጅቷ አነበበችው። ሦስት መስመር ናት፦ የፕሮግራም ሥራዬን ከሌላ ቦታ ገልብጬ ማቅረቤን አምናለሁ፣ ይላል። ደሟ ፈላ። ፈላ ማለትም ሲያንስ ነው። በዚያች ሰዓት ግንባሯ ላይ ድስት ቢጣድ ውሃው በሁለት ደቂቃ ይንተከተክ ነበር።

አጎቷ ከጎኗ ተቀምጧል። በዚህ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱን ከጠየቃችሁት ከተማውን መንገድ ያስተማረው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ጫማውን እያሰረ «እኔ እያለሁ? ሕንፃውን ከነመሠረቱ ነው የምነቅልላቸው!» ሲል አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። አሁን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን እንኳ በልክ ነው የሚያወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ከውጭ አገር የመጡ ተማሪዎችን ለኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ የሚያዘጋጅበት የአንድ ዓመት መሰናዶ አለው። በመጨረሻው ሥራ ስልሳ ያመጣ ዲግሪው ውስጥ ይገባል፤ ያላመጣ ሌላ በር ይፈልጋል። የዘንድሮው ሥራ የሆስፒታል ወረፋ የሚያስተካክል ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ኮሌጁ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ የትኛውን ፊደል መቼ እንደነካ፣ መቼ እንዳጠፋ የሚመዘግብ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም አለው። ተማሪ ቢያስነጥስ ሳይመዘግበው አይቀርም።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው የፕሮግራም መምህር ላፕቶፑን እያየ ተናገረ። «የክፍልሽ ልጆች በአማካይ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ያንቺ ፋይል ማክሰኞ ጠዋት ተከፈተ፤ በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። ዘጠና ሦስት መስመር። የጠፋ ነገር የለም፤ የተስተካከለ ነገር የለም።»

«ፕሮግራሙ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«እሱማ በደንብ ነው የሚሠራው።»

«ከማን ነው የገለበጥኩት?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከማንም ጋር አልተመሳሰለም።»

«ስለዚህ ከሌለ ሰው ነው የገለበጥኩት?»

«ተቆጣጣሪው» አለች አስተባባሪዋ ጣልቃ ገብታ፣ «ሰው በዚህ መልክ አይጽፍም ነው የሚለው።»

ይኸውላችሁ! ዓለም ከተፈጠረች ወዲህ ተማሪ ሲከሰስ የኖረው በመሳሳቱ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ባለመሳሳቷ ከሰሷት።

«ብፈርም ምን ይሰጠኛል?»

«አርባ።»

«በአርባ ዲግሪው ውስጥ አልገባም።»

«ሆቴል አስተዳደር ቦታ አለ» አለች አስተባባሪዋ፣ ቤተ መንግሥት እንደምትሰጥ ሁሉ ፈገግ ብላ። «ካልፈረምሽ ግን ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው ጥፋተኛ ካለሽ ትሰናበቻለሽ፤ የመኖሪያ ፈቃድሽም በዚያው ሳምንት ይሰረዛል።»

ልጅቷ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተላላጠ ወፍራም ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

በመጣችበት ትምህርት ቤት ለሰባ ተማሪ አራት ኮምፒውተር ነበር፤ አንደኛው ሲበራ እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ለአንድ ተማሪ በሳምንት የሚደርሰው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። መምህራቸው በሩ ላይ ቆመው ደብተር ይፈትሹ ነበር። ገጹ በማስመሪያ መሃል ለመሃል ይከፈላል፤ በግራ ፕሮግራሙ፣ በቀኝ እያንዳንዱ መስመር ሲሠራ ቁጥሩ ስንት እንደሚሆን ይጻፋል። ያን ያላሟላ ማሽኑን በሩቁ ያያል። እዚህ ስትመጣ ለራሷ ብቻ አንድ ኮምፒውተር ተሰጣት፤ ልማዷ ግን አልለቀቃትም፤ ደብተሯ ላይ ሳትጨርስ ማሽኑን አትነካም። እዚህ አገር ሰው የሚሳሳተው ማሽኑ ላይ መሆኑን የነገራት አልነበረም።

«ስህተቴን ከፈለጋችሁ እዚህ ነው ያለው» አለች ደብተሩን እየገለጠች። «ሃያ ስድስት ገጽ ሙሉ ስርዝ ድልዝ። ገጽ አሥራ ሰባት ላይ ራሱን የሳተውን ሰው ጥርሱን ካመመው ሰው ኋላ አሰልፌዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ወረፋው ውስጥ ስትዞር ትኖራለች፤ መውጫ የላትም።»

አስተባባሪዋ ደብተሩን በጣቷ ጫፍ እንኳ አልነካችውም። «ደብተር በኋላም ይጻፋል።»

አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ በገዛ ቋንቋቸው አንሾካሾከ። «ልጄ፣ ፈርሚና እንውጣ። ፈቃድሽን ቢነጥቁሽ ለእናትሽ ምን ብዬ ነው የምደውለው?»

«ጋሼ፣ ሕንፃውን ልትነቅለው አልነበር እንዴ?»

«ጠዋት መች አየሁትና!»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ አንድ ሰው አልገጨሁም እያልክ ትምል የለም?»

«አልገጨሁማ! መስታወት እንኳ አልጫርኩም።»

«እና አንድ ቀን ተነስተው ‹ካልገጨህ ነድተህ አታውቅም ማለት ነው፤ እዚህ ጋ ፈርም› ቢሉህስ?»

የአጎቷ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ከዚያ ኮፍያውን ራሱ ላይ ደፋና፣ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ‹ወደ ኋላ ጠጋ በሉ!› በሚልበት ድምፅ ተናገረ። «ማን አባቱ ነው እንደዚያ የሚለኝ!»

አስተባባሪዋ ከወንበሯ አንድ ስንዝር ያህል ተነሳች። «ይቅርታ፣ ጌታዬ?»

«ልጅቷ አትፈርምም ነው ያልኩት። ደብተሩን ይዩላት እንጂ፣ እመቤት! ዓይን ተከራይታችሁ ነው የምታዩት?»

በዚህ መሃል መምህሩ ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሷል። ጣቱ በቀኙ በኩል በቁጥሮቹ ላይ ይወርዳል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ እንደገና ይወርዳል። እሱም ከነፍሰ ጡሯ ጋር መዞር ጀምሯል።

ልጅቷ እስክሪብቶውን አነሳች። አስተባባሪዋ በእፎይታ ተቀመጠች። ልጅቷ ግን ወረቀቱን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ወደ ላይ አደረገችና፣ በማስመሪያዋ መሃል ለመሃል ከፈለችው።

«መምህር፣ ጥያቄ ይስጡኝ» አለች። «ማንም ያላየው ይሁን፤ አሁን እዚሁ የሚያስቡት።»

«ይህ በደንቡ ላይ የለም» አለች አስተባባሪዋ።

መምህሩ ቀና አላለም። ጣቱ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ እንዳለ ነው። «ሊፍት» አለ ቀስ ብሎ። «ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ። ሊፍቱ አንድ ብቻ ነው። ከየፎቁ ይጠሩታል፤ ማንም ከሚገባው በላይ መጠበቅ የለበትም።»

አጎቷ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው አይደል? ልያዝልሽ?»

«አይ፣ ጋሼ። አሥራ ሁለቱ ለማሽኑ ነው» አለች ወንበሯን ወደዚያ ሰፊ ጠረጴዛ እየሳበች። «ለወረቀቱ እስኪመሽ እቀመጣለሁ።»