የተመለሰው ደም

እኔ በሥራ ሰዓት እንግዳ አልወድም። መምህሩ የምህንድስና ተማሪዎቹን አስከትሎ የጤና ጣቢያችን ማዋለጃ ክፍል ደጃፍ ሲቆም፣ «ደግሞ እነዚህን የት ላድርጋቸው?» ብዬ ፊቴን አጠቆርኩበት። እሱ ሳቀ።

«ሲስተር፣ እነዚህ የሠሩት ድሮን ሲነሣ አይቼ ማርክ አልሰጥም። ተማሪዎቼን ተቀባዩ አጠገብ አቁሜ ነው የማርማቸው» አለኝ።

ለዚያን ቀን የታሰበው ልምምድ ብቻ ነበር። ከኮረብታው ማዶ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የቀሩት ጓደኞቻቸው በድሮኑ ባዶ ሳጥን ሊልኩልን ነበር። ረፋዱ ላይ ግን አንዲት ወላድ ደሟ አልቆም አለ። ልጇ ደህና ነው፤ ያለቅሳል። እሷ ከእጄ እያመለጠችኝ ነው። ደም መስጫው ዕቃ አለን፤ ደሙ ነው የሌለን። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው አምቡላንስ የሚመጣው በዙሪያ ነው። ለሆስፒታሉ ደውዬ ስጮህ መምህሩ ሰማኝ።

«ደሙን እዚያ ላሉት ተማሪዎቼ ይስጧቸው በያቸው» አለ።

ድሮኑ የሚታዘዝበትን የኮምፒውተር መመሪያ የጻፈችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ ጭምቷ ይሏታል። ስልኳን እያየች «ተነሥቷል፣ ሲስተር። አይዞሽ» አለችኝ።

የወላዷ ባል ግቢው ውስጥ ሰማይ ሰማይ ያያል። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ተሰማ፤ ድሮኑ ከኮረብታው በላይ ብቅ አለ። ሰውየው «መጣ! መጣ!» እያለ ዘለለ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ዞረ። ዓይናችን እያየ፣ ደሙን እንደያዘ፣ ወደ መጣበት ተመለሰ።

«ኧረ ጥሪው! ምን ሆኖ ነው?» ብዬ በመስኮቱ ጮህኩ።

ጭምቷ ስልኳን አየች። «በዚህ ማየት እንጂ መጥራት አልችልም። ነፋሱ ባትሪውን በላው» አለች። «እዚህ ለመድረስ ይበቃዋል። ደርሶ ለመመለስ ግን አይበቃውም። መመለሻ ሊያንሰው ሲል እንዲዞር አድርጌ ነው የጻፍኩት። ያለን አንድ ድሮን ነው... እንዳይጠፋብን ብዬ።»

ሆስፒታል ያሉት ጓደኞቿ ባትሪ ለውጠው፣ ያንን የመመለሻ መመሪያ አጥፍተው እንደገና ላኩት። በሰላም ግቢያችን አረፈ። ሳጥኑ ቀዝቃዛ፣ ደሙ ደህና። ወላዷ ግን አልጠበቀችውም። አምርሬ አለቀስኩ፤ የልጆቹን ፊት ማየት አስጠላኝ።

ባልየው ሕፃኑን ታቅፎ ወጣና ድሮኑ ፊት ቆመ።

«ቅድምም መጥቶ ነበር አይደል? በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምን ነክቶት ነው የዞረው?»

መምህሩ «ወንድሜ፣ ነፋሱ...» ብሎ ሲጀምር ጭምቷ ክንዱን ያዘችው።

«ነፋሱ አይደለም፣ ጋሼ» አለችው ሰውየውን። «እኔ ነኝ ተመለስ ያልኩት።»

ሰውየው ሕፃኑን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«ምነው፣ እህቴ?» አላት።